የሼህ ሆጀሌ ቤትና የቶንጎ ጎጆ

አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ» ሲባል የማያውቅ የታክሲ ረዳት አይገኝም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን እንደሆነ ይነገራል። ሼሁ ጉለሌ ውስጥ ያሠሩት ሰፊ ቤት ከ100 ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ በከተማዋ የቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ስለ አዲስ አበባ ነባር ቤቶች የሚጽፉ ሰዎችም ያነሡታል።

ከአሶሳ በስተ ደቡብ፣ ወደ በጊ በሚወስደው አቅጣጫ ደግሞ ቶንጎ አለች፤ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ። በቶንጎ ዙሪያ ነባሩ ጎጆ የሚሠራው ከሽመል (ከቆላ ቀርከሃ)፣ ከእንጨትና ከሣር ነው። ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ወይ ይታደሳል ወይ ይፈርሳል። ሠሪው ሳይሸብት ቤቱ ያረጃል። ስለዚህ ዕድሜ ጠገብ ሕንፃ ፈልጎ ለሚመጣ መዝጋቢ ቶንጎ ውስጥ የሚጻፍ ነገር ያለ አይመስልም።

እኔ ግን እነዚህ ሁለት ቤቶች በአንድ ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለባቸው እላለሁ። የሸጎሌውን ቤት ያቆመው ሀብት የመጣው ከቤላ ሻንጉልና ከአዋሳኞቹ ነው፤ የቶንጎ አካባቢ ሰዎችም ቤታቸውን ቀላል፣ ቶሎ የሚሠራና ቶሎ የሚተው አድርገው የኖሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሀብት የተሰበሰበበት መንገድ ነው። አንዱን ትቶ ሌላውን መጻፍ ሁለቱንም አለማወቅ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያጣድፍበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች በአጭር ጊዜ መልካቸው ተለወጠ፤ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ታሪክ ሆኖ ቀረ። ሥራው ቀጥሎ ወደ ክልል ከተሞች ተሻገረ፤ አሶሳም ከነዚህ አንዷ ናት። በየቦታው የተነሣው ክርክር «ይህ ቤት በቅርስነት ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም?» በሚል ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። የተመዘገበው ተረፈ ወይም ተረፈ ተባለ፤ ያልተመዘገበው የሚከራከርለት አጣ። መዝገቡ ራሱ በምን መስፈርት እንደተሞላ፣ ማንን አስገብቶ ማንን እንዳስቀረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። መዝገብ የጥናት ውጤት ነው፤ ጥናቱ ጠባብ ከሆነ መዝገቡ ሕጋዊ ማኅተም ያረፈበት ጠባብነት ይሆናል።

የአዲስ አበባ ነባር ቤቶች ጥናት እንዴት ያለ ነው? ሳይመሰገን የሚታለፍ ሥራ አይደለም። አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ጄራር ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያለውን የከተማዋን የሕንፃ ቅርስ የሚዳስሰው መጽሐፍ የብዙ ዓመት ልፋት ፍሬ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2004 እ.ኤ.አ. ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓኦሎ ኪያሪ ያወጡት ታሪካዊ መመሪያ፣ ከተማዋን በእግሩ እየዞረ ለሚያጠና ሰው ዛሬም ይጠቅማል። ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ አዲስ አበባ አቆራቆር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጻፉት ጥናት መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። እነዚህ ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ የብዙ ቤቶች ታሪክ ከግሬደር በፊት ጠፍቶ ነበር።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቤቶቹ የሚታወቁት በባለቤቶቻቸው ስም ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ማዘጋጃ ቤት ሆኖ አገልግሏል። የሼህ ሆጀሌ ቤትም እንዲሁ። ከባለቤቱ ቀጥሎ የሚነሣው፣ ከታወቀ፣ የሠራው መሐንዲስ ነው፤ ህንዳዊው ሐጂ ኻዋስ፣ አርመናዊው ሚናስ ኸርቤጊያን የሚሉ ስሞች የሚመጡት በዚህ በኩል ነው። እንጨቱን ከጫካ ያወረደው፣ ጭቃውን የረገጠው፣ ድንጋዩን የጠረበው፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ በጓዳው የዋለውና ያደረው ሰው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ግን የሕንፃ ጥናት ጥያቄ ተደርጎ አይቆጠርም። «ማኅበራዊ ታሪክ» ተብሎ ለሌላ ክፍል ይተላለፋል።

ለሸጎሌው ቤት ግን ይህ ጥያቄ ዋናው ነው።

ቤላ ሻንጉል፣ የዛሬው ቤኒሻንጉል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሱዳን ቆላና በኢትዮጵያ ደጋ መካከል የተዘረጋ የወርቅ አገር ነበር። የግብፁ መሐመድ አሊ ጦር በልጁ በእስማኤል መሪነት ሱዳንን ሲወር ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከዚያ ዘልቋል፤ ከጦሩ ጋር የነበረው ፈረንሳዊ ፍሬዴሪክ ካዮ በ1822 እ.ኤ.አ. ያየውን በጽሑፍና በሥዕል አስቀርቷል። ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ የሆላንዱ ተጓዥ ሁዋን ማሪያ ሹቨር አካባቢውን ዞሮ ጽፏል። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ጦር ይዘው ሲወርዱ አገሩ ቤላ ሻንጉል፣ ኮሞሻና አቆልዲ በሚባሉ የሦስት ሼኾች ግዛቶች ተከፍሎ ነበር፤ የአቆልዲው፣ ማለትም የአሶሳው፣ ገዥ ሼህ ሆጀሌ ነበሩ። ሼሁ ተይዘው አዲስ አበባ ታሥረው ቆዩ። ኋላ ተፈትተው፣ ወርቅ እየገበሩ አገራቸውን እንዲያስተዳድሩ ተደረገ፤ ተቀናቃኞቻቸውም እየደከሙ ሲሄዱ በድንበሩ ላይ ከሁሉ የበረቱ ሰው ሆኑ። በ1894 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ወሰን ሲፈራረሙ የሼሁ አገር በይፋ በኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ገባ። እሳቸውም አንድ እግራቸውን አሶሳ፣ አንድ እግራቸውን ጉለሌ አድርገው ኖሩ፤ ያረፉት በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ዘመን ነው።

ወርቅ ብቻ አልነበረም የሚሄደው። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1897 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ የነበረውን የባሪያ ንግድ በዝርዝር አሳይተዋል። ሰው ወደ ደጋው መኳንንት ቤት ይጋዛል፤ ሰው ወደ ሱዳን ይሸጣል። የሼህ ሆጀሌ ባለቤት ስት አምና ወሰኑን ተሻግራ ጀሮክ ላይ ተቀምጣ ታካሂደው የነበረው ንግድ የእንግሊዝን መንግሥት አሳስቦ በ1920 ዓ.ም. ተይዛ ለፍርድ ቀርባለች። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበርና፣ የሼሁ ጉዳይ የአንድ ክልል ገዥ ጉዳይ ከመሆን አልፎ የዲፕሎማሲ ራስ ምታት ሆነ። ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ይህን የማነሣው ሼሁን ለመክሰስ አይደለም። በዘመኑ ባሪያ ያልነበረው ትልቅ ቤት ደጋ ላይም ቆላ ላይም ብርቅ ነበር፤ የሸዋ መኳንንት ቤቶችም ቢጠየቁ መልሳቸው የተለየ አይሆንም። ሼህ ሆጀሌ በዘሮቻቸውና በብዙ የበርታ ተወላጆች ዘንድ የሚከበሩ፣ አገራቸውን በማዕከሉ ፊት ያስጠሩ ሰው ናቸው፤ ያም እውነት ነው። የማኦና የኮሞ ሽማግሌ የሚያስታውሰው ሌላ፣ የባሪያ ፍንገላውን፣ ነው፤ ያም እውነት ነው። ቅርስ የሚያጠና ሰው ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ካልቻለ የሚጽፈው የምስጋና ደብዳቤ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት እንዴት ይጠናል? መጀመሪያ ቤቱ ራሱ ይጠየቃል። የአዲስ አበባን የዚያ ዘመን ባለ ሰገነት ቤት ከጣራው ጀምሮ ወደ ታች ማንበብ ይቻላል። ቆርቆሮው ወፍራም ነው ወይስ ስስ? የፋብሪካ ማኅተም አለበት? ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ቆርቆሮ በከፊል በበቅሎና በግመል ጀርባ ተጉዟል፤ ስለዚህ ሙሉ ጣራውን በቆርቆሮ የከደነ ሰው አቅሙን እያሳየ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ወጋግራው አለ። ጥድ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ባሕር ዛፍ ወደ ከተማዋ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ለትልቅ ቤት ተሸካሚ የሚሆን ግንድ ለመድረስ ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል። እንግዲህ ዋናዎቹ ምሰሶዎች ጥድ ሆነው ጥግ ላይ ያለው ክፍል በባሕር ዛፍ ቢቆም፣ ያ ክፍል በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። ሚስማሩ ተቀጥቅጦ የተሠራ አራት ማዕዘን ነው ወይስ ከሽቦ የተቆረጠ ክብ? የበረንዳው አጥር ቅርጽ ህንዶች ከሚሠሩት ጋር ይመሳሰላል? ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ጡብ ነው፣ ወይስ ሥሩ ድንጋይ ሆኖ ላዩ በማገርና በጭቃ የተመረገ? ቀለም ሲፋቅ ስንት ሽፋን ይወጣል? በዚህ ዓይነት ምርመራ ቤቱ በስንት ጊዜ፣ በስንት እጅ እንደተሠራ ይታወቃል። እድሳት የሚመጣው ከዚህ በኋላ መሆን ነበረበት። በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኘው ቀለም ቀቢው ነው፤ እሱ ጨርሶ ከሄደ በኋላ የሚጠና ነገር አይተርፍም።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ወመዘክር ውስጥ ያሉ ደብዳቤዎች፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶግራፍ ክምችት፣ የማዘጋጃ ቤት የቦታ መዛግብት አሉ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ስለ ሼህ ሆጀሌ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍም አለ። የድንበሩ ሌላ ወገን የጻፈው ከዚህም ይበልጣል፤ በእንግሊዝ ዱራም ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሱዳን መዛግብት ስብስብ እንግሊዛውያን ሹማምንት ስለ ወሰኑ የተጻጻፉትን ይዟል፤ የጣሊያን መዛግብትም አሉ። ከነዚህ ውስጥ ስለ ቤቱ ግድግዳ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ላይገኝ ይችላል። ስለ ቤቱ ሰዎች ግን ይገኛል፤ ማን ሸሸ፣ ማን ተመለሰ፣ ስንት ወቄት ወርቅ ተላከ።

ሦስተኛው የሰው አፍ ነው፤ እዚህ ላይ ነው አጥኚው ሸጎሌን ትቶ ወደ ቶንጎ መሄድ ያለበት።

ቶንጎን፣ ባምባሲንና አሶሳን ከሕንፃ ጥናት አንጻር ረጅም ጊዜ ሰጥተው ያዩት ስፔናውያን አርኪዮሎጂስቶች ናቸው። ቪክቶር ፈርናንዴዝ፣ አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባልና ባልደረቦቻቸው ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ከዳር ዳር ዞረዋል። በአሶሳ ዙሪያ ባሉ የድንጋይ መጠለያዎች ቆፍረዋል፤ የዋሻ ሥዕሎችን መዝግበዋል። ከሁሉ ይበልጥ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን በሕይወት ያለውን ቤት ማጥናታቸው ነው። ጎንሳሌስ ሩይባል በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ በርታ ቤት ብቻ ረጅም ጽሑፍ አሳትሟል። የጽሑፉ ነጥብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ የውጭው ዓለም በወረራና በባሪያ ፍንገላ ሲናወጥ የበርታ ሰው ሥርዓቱን ያቆየው በቤቱ ውስጥ ነው። የቤቱ ውስጥ አደረጃጀት፣ የእሳቱ ቦታ፣ የዕቃው አሰቃቀል ሁሉ ደንብ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የበርታ መንደሮች አብዛኞቹ በተራራ አናት፣ በቋጥኝ መካከል ነበሩ፤ ወደ ሜዳው የወረዱት በኋላ ነው። የሸሸ ሕዝብ መንደር የት እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሰነድ የለም።

ወደ ማኦ ጎጆ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። በቶንጎና በበጊ መካከል ማኦ በሚል ስም የሚጠሩት ሰዎች አንድ ቋንቋ ብቻ የሚናገሩ አይደሉም፤ የቋንቋ ተመራማሪው ክላውስ ኪውስፐርት በ2015 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በካርታና በስም ዝርዝር ለይቶ አሳይቷል። ከነዚህ ግዋማ የሚባሉት ዛሬ የሚኖሩበት ተራ ቤት ከጎረቤቶቻቸው ቤት ብዙም አይለይም፤ ክብ ግድግዳ፣ በላዩ ሹል ክዳን። የአምልኮ ቤታቸው ግን ሌላ ነው። አርኪዮሎጂስቶቹ እንደመዘገቡት ይህ ጎጆ ግድግዳና ጣራ አይለይም፤ ሽመሉ ከመሬት ተነሥቶ ጎብጦ አናቱ ላይ ይገናኛል፣ ሣሩም ከጫፍ እስከ መሬት ይወርዳል። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገቡም። ውስጡ ጨለማ ነው። እንደ ጦርና ቅል ያሉ የሥርዓት ዕቃዎች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚሉት፣ ይህ ቅርጽ ድሮ ሁሉም ሰው ይኖርበት የነበረው ቤት ቅርጽ ነው፤ የመኖሪያው ቤት ሲለወጥ የጸሎቱ ቤት አልለወጥም አለ።

ይህን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የጎጆው ሽመል ምናልባት ከሦስት ዓመት በፊት የተቆረጠ ነው። ሣሩ ያምና ነው። ቅርጹ ግን ከሸጎሌው ቤት፣ ከአዲስ አበባም ሳይበልጥ አይቀርም። እንግዲህ ጥንታዊው ቤት የቱ ነው? በቁሳቁስ ከለካን መልሱ ሸጎሌ ነው። በአሠራር ከለካን ቶንጎ ነው። የቅርስ መዝገባችን የሚያውቀው የመጀመሪያውን መለኪያ ነው።

ሕጉ አይከለክልም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ለቅርስ የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው፤ ግዙፍ የሆነውንም ግዙፍነት የሌለውንም ያቅፋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመድብ ነው። ችግሩ ጎጆው በሁለቱ ዓምዶች መካከል መውደቁ ነው። ግዙፍ ነው እንዳይባል ይበሰብሳል፤ ግዙፍነት የለውም እንዳይባል ቤት ነው። ሕንፃ የሚመዘግበው ባለሙያ ለባህል ባለሙያው ይተወዋል፤ የባህል ባለሙያው ጭፈራውንና ሠርጉን ቀርጾ ይመለሳል። ጎጆው መካከል ላይ ይቀራል።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ ቀድሞ ተጋፍጦበታል። ጃፓኖች የኢሴን ቤተ መቅደስ በ20 ዓመት አንዴ አፍርሰው እንደገና ይሠሩታል፤ ያረጀ እንጨት ብቻ ነው እውነተኛ ቅርስ የሚለውን የአውሮፓ አስተሳሰብ ያናጋው የናራ ሰነድም በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው በአገራቸው ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኡጋንዳው ካሱቢ ነው። የቡጋንዳ ነገሥታት የተቀበሩበት ይህ ግዙፍ የሣር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ተቃጠለ። አለቀለት ሊባል ይችል ነበር። ክዳኑን የመክደን መብትና ዕውቀት የአንድ ጎሣ፣ የንጌየ፣ ስለነበር ዕውቀቱ አልተቃጠለም፤ ቤቱ እንደገና ቆሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ቅርሱ ሣሩ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌሊት ባለቀ ነበር።

ከአገራችንም ብዙ አንርቅ። ኮንሶ በ2003 ዓ.ም.፣ ጌዴኦ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የተመዘገበው አንድ ሕንፃ አልነበረም፤ መሬቱ፣ እርከኑ፣ መንደሩና አኗኗሩ ነው። ሞራ የሚባለው የኮንሶ የጋራ ቤት ክዳኑ ሣር ነው። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ሥሩን ምስጥ በበላው ቁጥር እያጠረ ሲሄድ ማየት ለቱሪስት ትርኢት ሆኗል። ዶርዜ የታወቀው ቱሪስት ስለሚደርስበት ነው፤ ቶንጎ ስለማይደርስበት አልታወቀም። የቅርስ ካርታችን ብዙውን ጊዜ የመንገድ ካርታ ነው።

ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው። ቆርቆሮ ወደ ሁሉም ቤት እየገባ ነው፤ ማንም ሰው ልጁን ከሚያፈስ ጣራ ሥር አሳድር ተብሎ አይገደድም፣ መገደድም የለበትም። የአገሪቱ የቆላ ቀርከሃ ትልቁ ክፍል ያለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቢሆንም ሽመል በጅምላ አብቦ በጅምላ የሚደርቅ ተክል ነው፤ እርሻና እሳትም ይገፉታል። እምነት ይለወጣል፤ የጸሎት ጎጆ የሚሠራው ሽማግሌ ልጅ መስጊድ ወይም ቸርች ይሄዳል። በዚህ ላይ ግጭት አለ። በቶንጎ አጠገብ ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት የሸሹ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣው ግጭት ስደተኞቹም ከዚያ ለቀው ወጡ። ወሰኑን ሸሽቶ መሻገር፣ ቤት ጥሎ መሄድ፣ ሽመል ቆርጦ እንደገና መጀመር ለዚህ አገር አዲስ ታሪክ አይደለም፤ ከካዮ ዘመን ጀምሮ የተመዘገበ ነው።

በክልሉ የሚጠና የግንብና የቆርቆሮ ታሪክም እንዳለ በዚያው ልጥቀስ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ የተጫኑ ሠፋሪዎች በመስመር የተቀየሱ መንደሮቻቸውን ይዘው መጡ። ፓዌ ላይ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የጣሊያኑ ሳሊኒ የጣና በለስን ፕሮጀክት ሠራ፤ ያው ኩባንያ ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላ ጉባ ላይ ግድብ ሊሠራ ተመለሰ። እያንዳንዱ መንግሥት ለዚህ ቆላ ሕዝብ ቤት ልሥራ ብሎ መጥቷል። ሕዝቡ ራሱ እንዴት ቤት እንደሚሠራ ለመጠየቅ የመጣው ግን አጥኚ እንጂ መንግሥት አይደለም፤ ያጠናውም ሰው የጻፈው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው። የጎንሳሌስ ሩይባልን የ2014 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አንድ የቶንጎ መምህር አግኝቶ ያነባል ብሎ መገመት ይከብዳል።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ምንድን ነው? የአዲስ አበባ ከተማ የባህል ቢሮና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሼህ ሆጀሌን ቤት ሲያስጎበኙ ደጃፉ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ የሼሁን ስምና ማዕረግ ጠቅሶ ማቆም የለበትም። ወርቁ ከየት ወንዝ እንደታጠበ፣ በግቢው ውስጥ የኖሩት ሰዎች ከየትኞቹ ሕዝቦች እንደተወሰዱ፣ በ1934 ዓ.ም. ከአዋጁ በኋላ ወዴት እንደሄዱ ተጠንቶ ይጻፍ። ጉለሌ ዙሪያ የቀሩ፣ አያቶቻቸው ከቤላ ሻንጉል የመጡ ቤተሰቦች ካሉ ዛሬ ይጠየቁ፤ ነገ የሚያውቅ አይኖርም። ይህ ማንንም አያሳንስም። ፒያሳን የሚያፈርስም የሚያቆምም ሰው ቢያንስ ምን እንደያዘ ይወቅ።

ቶንጎ ላይ ደግሞ ሥራው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጎጆ ማጥናት ማለት የቆመ ጎጆ ፎቶ ማንሣት አይደለም፤ ሲሠራ ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ መጨረሻው ነዶ ሣር አብሮ መዋል ነው። ሽመሉ በየትኛው ወር ይቆረጣል፣ ለምን በዚያ ወር፣ ማን ይቆርጣል፣ ማን አይነካም፣ ማሠሪያው ልጥ ነው ወይስ ሐረግ፣ ሴቶች የሚመርጉት የቱን ነው፣ ስንት ሰው በስንት ቀን ይጨርሰዋል፣ የሚበላውና የሚጠጣው ማን ያቀርባል። እያንዳንዱ ነገር በግዋማ፣ በኮሞ፣ በበርታ ስሙ ተመዝግቦ፣ በአማርኛም ተብራርቶ ቢታተም፣ ለክልሉ ትምህርት ቤቶች መማሪያ ይሆናል። ሠሪዎቹ ሽማግሌዎች በየቀበሌው ይታወቃሉ፤ ተማሪዎቹም የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ቋንቋውን ስለሚያውቁ አስተርጓሚ አይሹም። የሚያስፈልገው ካሜራ፣ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና የአንድ በጋ አበል ነው፤ ወጪው ከአንድ አሮጌ ቤት የእድሳት በጀት እጅግ ያነሰ ነው።